ያረጀች ድመትና የቅጠል መድኃኒት፦ ጥያቄው ከየት ይጀምር?

ድመቷ አሥር ዓመት አልፏታል። ውሃ ታበዛለች፣ ከስታለች፣ ጸጉሯ ደርቋል። ምን ይሰጣት? ጥያቄው የሚነሳው ለገጣፎም ይሁን ሰበታ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሐኪም ቀድሞ ከጎረቤት ይመጣል። አንዱ ዳማ ከሴ ጨምቃችሁ ስጧት ይላል። ሌላው የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠብ አድርጉላት ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ሱቅ ውስጥ ያየውን የሞሪንጋ ዱቄት ያነሳል፤ «ለሁሉም ነገር ነው» እየተባለ የሚሸጠውን ማለት ነው።

ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። ሁሉም «የትኛው ቅጠል?» ላይ ሲከራከር «ምን ሆና ነው?» የሚለው ሳይጠየቅ ያልፋል። ለድመት ደግሞ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የመጀመሪያውን አብዛኛውን ክርክር ከንቱ ያደርገዋል።

ቅጠሉ ለምን ቀድሞ ይመጣል?

ከከተማው ዳር ላለ ሰው የእንስሳት ሕክምና ማለት በአብዛኛው የከብት ሕክምና ነው። ሱሉልታና ሰበታ የወተት ላም አገር ናቸው። በአካባቢው ያለው የእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚሸጠው የላም፣ የበግና የዶሮ መድኃኒት ነው። ድመት ይዞ የሚገባ ሰው ቢሳቅበት አይገርምም። የደምና የሽንት ምርመራ የሚሠራ ክሊኒክ ለማግኘት መሀል ከተማ መግባት፣ አለዚያም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወዳለባት ቢሾፍቱ መውረድ ሊያስፈልግ ይችላል። ድመት በካርቶን ይዞ ሚኒባስ መሳፈርስ? የሞከረ ያውቀዋል።

ቅጠሉ ግን ጓሮ ነው። በዚያ ላይ ልማዱ ባዶ እምነት አይደለም። ኮሶና እንቆቆ ለትል መሥራታቸውን ትውልድ ያውቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው የጀመሩት ምርምር፣ እንዶድን ለቢልሃርዝያ መከላከያ ዓለም እንዲያውቀው አድርጓል። ስለዚህ «ቅጠል ምን ይሠራል» የሚል ባለሙያ ካለ ተሳስቷል። ይሠራል እንጂ። እንዶድ ቀንድ አውጣውን ገደለ፤ ዓሣንም ይገድላል። በሰውነት ላይ ለውጥ የሚያመጣ ቅጠል መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ መጠን አለው፣ የማይስማማውም አካል አለ።

ሰፕልመንት የሚባለው ነገር ትንሽ ይለያል። ከምግብ ጋር የሚጨመር ተጨማሪ ነው፦ ቫይታሚን፣ ዘይት፣ የዕፅ ዱቄት ወይም ጭማቂ። በብዙ አገር ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት መሥራቱን ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣችው የሰፕልመንት ሕግ ለሰው እንጂ ለእንስሳ አይሠራም። እኛ አገር ገበያ ላይ ተቋጥሮ የሚሸጥ የቅጠል ዱቄትም «ለ3 ኪሎ ድመት ይህን ያህል» የሚል ጽሑፍ የለበትም። ሰው ግን ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጎ «ተፈጥሯዊ ነው፣ ባይጠቅም አይጎዳም» ይላል። ለሰው አንዳንዴ ያስኬዳል። ለድመት አያስኬድም።

የድመት ጉበት የጎደለው ነገር

ሰው የበላውን ባዕድ ነገር፣ በተለይ ዕፅ ውስጥ ያለውን፣ ጉበቱ አንድ የስኳር ዓይነት ለጥፎበት በውሃ እንዲሟሟ ያደርገዋል። ከዚያ በሽንትና በሐሞት ይወጣል። ይህ ሥራ ግሉኩሮኒዴሽን ይባላል። ድመት ይህን ከሚሠሩት ኢንዛይሞች ዋና የሆነው ይጎድላታል። ዘረ መሉ አለ፣ ግን ተበላሽቶ አይሠራም። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ድመት ከጥንት ጀምሮ ሥጋ ብቻ በልታ የኖረች እንስሳ ናት። ቅጠል የማይበላ አካል የቅጠልን ኬሚካል የሚያጸዳ መሣሪያ አላስፈለገውም።

ውጤቱ በግልጽ የሚታየው በፓራሲታሞል ነው። ለሰው ተራ ነገር የሆነው ባለ 500 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ ድመትን ሊገድል ይችላል። ለድመት ደህና የሚባል መጠን የለውም። ድዷ ይጠቁራል ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል።

ከዚህ ተነስቶ ማሰብ ነው። ጦስኝ፣ ባሕር ዛፍና የመሳሰሉት ጠረናቸውን የሚያገኙት ከሚተን ዘይታቸው ነው። ከእነዚህ ዘይቶች ብዙዎቹ ድመት በቀስታ ብቻ የምታስወግዳቸውን ኬሚካሎች ይይዛሉ። ተጨምቆና ተጣርቶ በጠርሙስ የሚሸጠው ሲሆን ደግሞ ይበረታል፤ ጸጉሯ ላይ ቢፈስ እንኳ ስትልሰው ሆዷ ይገባል። «ለሰው አንድ ማንኪያ ከሆነ ለድመት በሃያ እናካፍለው» የሚለው ስሌትም አያድንም። ክብደቱን አስተካከልን እንጂ ጉበቱን አላስተካከልንም። ዛሬ የተሰጠው ሳይወጣ የነገው ይደረብበታል።

«ኩላሊት ያጥባል»

ያረጁ ድመቶችን በብዛት ከሚይዙ በሽታዎች ዋናው ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ነው። አሥር ዓመት ካለፋቸው ድመቶች ከሦስቱ አንዷ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ይይዛታል። ክፋቱ ድምፅ የለውም። ሽንትን የማወፈር አቅም የሚጠፋው ሁለት ሦስተኛው የኩላሊት ሥራ ከተጎዳ በኋላ ነው። ደም ውስጥ ክሪያቲኒን የሚባለው ቆሻሻ ከፍ ብሎ የሚታየው ደግሞ ሦስት አራተኛው አካባቢ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ «አሁን ታመመች» ሲል ነገሩ ብዙ ጊዜ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ነው የተለመደው ምክር ተገልብጦ የሚገኘው። ሰው «ኩላሊት የሚያጥብ» ሲል ሽንት የሚያሸና ነገር ማለቱ ነው። የዚህች ድመት ችግር ግን ሽንት እምቢ ማለቱ አይደለም። እንዲያውም ከመጠን በላይ ትሸናለች። ኩላሊቷ ውሃውን መልሶ መያዝ ስላቃተው የገባው ሁሉ ይፈሳል። ውሃ የምታበዛውም ያንን ለመተካት ነው። በዚህ ላይ የሚያሸና ቅጠል መጨመር ማለት ድርቀቱን ማባባስ ነው። የደረቀ ሰውነት ለኩላሊት የሚልከው ደም ይቀንሳል፤ የቀረውም ኩላሊት ይጎዳል።

ሞሪንጋም በዚሁ መነጽር ቢታይ ጥሩ ነው። የሚወደሰው በማዕድን ብዛቱ ነው። ለጤነኛ ሰው መልካም። የታመመ ኩላሊት ግን ዋናው ሥራው ያቃተው ማዕድን መመጠኑ ነው። በተለይ ፎስፈረስ ሲጠራቀም በሽታውን ያፋጥነዋል፤ ለኩላሊት ሕመምተኛ ድመቶች የሚዘጋጀው ልዩ ምግብ ዕድሜ የሚያራዝመው ፎስፈረሱ ስለተቀነሰ ጭምር ነው። ስለዚህ «ለጥንካሬ» ተብሎ አጥንት፣ ጉበትና ወተት ማብዛትም አይመከርም።

ቅጠል ራሱ ኩላሊት ሊያጠፋ እንደሚችል ለሚጠራጠር አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም፣ ብራስልስ ውስጥ ለክብደት መቀነሻ የቻይና ዕፅ የወሰዱ ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ። በአንዱ ዕፅ ምትክ አሪስቶሎኪያ የሚባል ሌላ ተክል ተቀላቅሎ ነበር። ታማሚዎቹ ሰዎች ናቸው፤ የሚሠራ የሰው ጉበት ይዘው ነው የተጎዱት።

በልታ የምትከሳ ድመት

ሌላው የተለመደ ምልክት ይህ ነው። ሰሃኗን ትጠርጋለች፣ ትጮኻለች፣ ደግማ ትጠይቃለች፤ ግን አጥንቷ እየወጣ ነው። የሰፈሩ ፍርድ አንድ ነው፦ «ኮሶ ይዟታል።» ከዚያ መድኃኒቱም ኮሶ ይሆናል።

በወጣት ድመት ትል መጠርጠር ትክክል ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ድመት ግን መጀመሪያ ሊጠረጠሩ የሚገባቸው የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትና የስኳር በሽታ ናቸው። አንገት ላይ ያለችው ታይሮይድ ሆርሞን ስታበዛ ሰውነት የበላውን ሁሉ ያቃጥላል፣ ልብም ይሮጣል። ይህ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በመድኃኒት ይያዛል። ኮሶ ደግሞ ሆድ የሚጠርግ ኃይለኛ ነገር ነው። በሰው ላይ እንኳ ከመጠን ሲያልፍ ዓይን እስከማጥፋት እንደሚደርስ ተመዝግቧል። ልቧ በሚሮጥና ውሃ በተጠማች አሮጊት ድመት ላይ መሞከር ምን እንደሚያመጣ መገመት አያዳግትም። የኮሶ ትል ከሆነም ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ። በክብደቷ ተመጥኖ በአንድ ጊዜ ይጨርሳል።

ነጭ ሽንኩርትና የጾም ወጥ

ነጭ ሽንኩርት ለአቅም፣ ለጉንፋን፣ ለቁንጫ ሳይቀር ይታዘዛል። ለድመት ግን ከሁሉም ግልጽ ክልክል ይሄ ነው። ነጭም ቀይም ሽንኩርት ውስጥ ያሉ የሰልፈር ውህዶች ቀይ የደም ሴሏን ያፈርሳሉ። የድመት ሄሞግሎቢን ከሰውም ከውሻም ይልቅ ለዚህ ጥቃት የተጋለጠ ነው። ለቀይ ሽንኩርት ጎጂ የሚባለው መጠን በኪሎ 5 ግራም አካባቢ ነው። ለ3 ኪሎ ድመት 15 ግራም ማለት ነው፤ ከአንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ትንሹ ቁራሽ። ነጭ ሽንኩርት ከዚያም ይከፋል። መቀቀል አያጠፋውም፣ ማድረቅም አያጠፋውም። ትንሽ ትንሽ እየተሰጠም ይጠራቀማል።

እዚህ ላይ ማንም ሰፕልመንት የማይለው ነገር ይመጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የሰፈሩ ሥጋ ቤት ተዘግቶ ይከርማል። ሳንባ ይበላ የነበረው ድመት እንጀራ በሽሮ ይቀርብለታል። ሽሮው ሲፈጭ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል፤ ሲሠራ ደግሞ በቁሌት ነው። ወጣት ድመት አይጥ እየያዘች ታካክሳለች። ያረጀችው ያው ሰሃኑን ትጠብቃለች። ከጾም በኋላ ድዷ ነጥቶ፣ ደክማ፣ ሽንቷ ቡናማ ሆኖ ብትገኝ ምክንያቱ «እርጅና» ላይሆን ይችላል። ኩላሊት የደም ሴል የሚያሠራውን ሆርሞን የሚያመርት አካል ስለሆነ፣ ኩላሊቷ የታመመ ድመት ብዙ ጊዜ ከመነሻው የደም ማነስ ይኖርባታል። ሽንኩርቱ በዚያ ላይ ነው የሚመጣው።

በእኔ ግምት በከተማው ዳር ላሉ ድመቶች ምን ሰፕልመንት ይጨመር ከማለት በፊት ወጡን ከሰሃኗ ማውጣት የበለጠ ይሠራል።

መራራው ራሱ

ዳማ ከሴ በሲሪንጅ አፏ ውስጥ ሲገፋ ድመቷ ወዲያው አረፋ ትደፍቃለች። ምራቋ በአገጯ ይንጠባጠባል፣ ራሷን ታራግፋለች፣ አልጋ ሥር ትገባለች። ያየ ሰው «መርዙ እየወጣላት ነው» ሊል ይችላል። አይደለም። ድመት መራራ ነገር ሲነካት እንዲሁ ነው የምትሆነው። በማር ማለስለሱም አይሠራም፤ ድመት ጣፋጭ የምትቀምስበት ተቀባይ አይሠራላትም። ለእሷ ማሩ የሚያጣብቅ ነገር ብቻ ነው።

ትልቁ ጉዳት ከዚህ በኋላ ይመጣል። የታመመች ድመት መራራውን ከምግቡ ጋር ታገናኘዋለች፣ ምግቡንም እምቢ ትላለች። ድመት ደግሞ እንደ ሰው ጾም አትችልም። ለጥቂት ቀናት ካልበላች፣ በተለይ ወፍራም ከነበረች፣ ሰውነቷ ስቡን እያቀለጠ ወደ ጉበቷ ይልካል። ጉበቱ ያንን ማስተናገድ ያቅተዋል፣ በስብ ይሞላል፣ ዓይኗና ድዷ ቢጫ ይሆናል። ሳይታከም ይገድላል። ቅጠሉ ራሱ ምንም መርዝ ባይኖረውም እንኳ በዚህ መንገድ ሊገድላት ይችላል።

አስገድዶ ማጠጣት ለሰውም አደጋ አለው። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር፣ ያልተከተበችና ጠባይዋ ድንገት የተለወጠ፣ ምራቅ የምታዝረበርብ ድመት አፍ ውስጥ ጣት አይገባም። ከነከሰች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

«ለእኔ ድመት ግን ሠርቷል»

ይህን የሚል ሰው ዋሽቷል ማለት አይደለም። ሥር የሰደደ በሽታ ከፍ ዝቅ ይላል። ሰው ቅጠል የሚሰጠው በጣም በከፋባት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ምንም ባይደረግም የተሻለ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሌላም አለ። መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸው ድመቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ባዶ ክኒን የተሰጣቸው ድመቶች ባለቤቶችም «ተሽሏታል» ብለዋል። ድመቷ አትናገርም። የሚናገረው ተስፋ ያደረገው ባለቤት ነው።

ሁሉም ሰፕልመንት ከንቱ ነው ማለትም ልክ አይሆንም። የዓሣ ዘይት ለመገጣጠሚያና ለኩላሊት የተወሰነ ድጋፍ አለው። ግን ከዓሣ ሥጋ የሚወጣው ዘይትና ፋርማሲ ለልጆች የሚሸጠው የዓሣ ጉበት ዘይት አንድ አይደሉም። የጉበቱ ዘይት ቫይታሚን ኤ ይበዛበታል፤ ከመጠን ሲያልፍ የድመትን የአንገት አጥንት አጣብቆ ያደነድናል። በዓሣው ዘይት ፋንታ ተልባ መስጠትም አያዋጣም፤ ድመት የተልባን ኦሜጋ 3 ወደሚጠቅማት ዓይነት የመለወጥ አቅሟ በጣም ትንሽ ነው። ተልባ ለሆድ ድርቀት ሊያግዝ ይችላል፣ ያውም ውሃ በደንብ ከጠጣች። ለዚያ ደግሞ ጨው የሌለው ቅቅል ዱባ ይቀላል። ሲሊማሪን የሚባለው የእሾህ ተክል ውጤት የጉበት ሕመም ባለባቸው ድመቶች ላይ ሐኪሞች ይጠቀሙበታል፤ ከሌላ ሕክምና ጋር እንጂ ብቻውን አይደለም። እርድ ላይ ብዙ ይወራል፤ ዋናው ንጥረ ነገሩ ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁሉ የሚመረጡት በሽታው ከታወቀ በኋላ ነው።

ርቀቱና ገንዘቡ እንዳለ ሆኖ

ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ሳምንት የሚፈጅበት ሰው እስከዚያ ምን ያድርግ? መጀመሪያ ይመዝን። ሰውየው ድመቷን አቅፎ ሚዛን ላይ ይቁም፣ ከዚያ ብቻውን ይቁም፣ ይቀንስ። የሰው ሚዛን ትንንሹን ግራም ስለማያነብ የባለ ሱቁ ሚዛን ከተገኘ የተሻለ ነው። ከ3 ኪሎ 300 ግራም መጥፋት ከሰው 60 ኪሎ 6 ኪሎ እንደመጥፋት ነው። ውሃዋንም ይለካ። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልቶ ማታ የቀረውን ማየት ይበቃል። 3 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ300 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣች ያለጥርጥር በሽታ አለ፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ከድሮዋ በግልጽ ከጨመረች ያሳስባል።

ውሃ በፍጹም አይከልከላት። «ውሃ አበዛች» ብሎ ሳህኑን ማንሳት ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ይቀመጥላት። ምግቧ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ሥጋ ከነመረቁ ቢሆን ውሃም ይገባላታል። ለብ ብሎ ቢቀርብ ሽታው ይጠራታል። አፏንም ከፍቶ ማየት ተገቢ ነው። «ምግብ እምቢ አለች» የተባለው ነገር የበሰበሰ ጥርስ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለዚያ ቅጠልም ኩላሊትም አያገባውም።

ሳምንት የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ። ሃያ አራት ሰዓት ምንም አለመብላት፣ ድድ መንጣት ወይም ቢጫ መሆን፣ ድንገት ዓይን ማጣት (የደም ግፊት የኩላሊት ሕመምተኛ ድመትን እንዲህ ያደርጋል)፣ ሊሸና ተቀምጦ ምንም አለመውጣት። የመጨረሻው በተለይ በወንድ ድመት የሰዓታት ጉዳይ ነው።

የአካባቢው የከብት ሐኪምም አይናቅ። ድድና የሰውነት ድርቀት ማየት፣ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ ደም ወስዶ ወደሚመረምር ቦታ መላክ ይችላል። ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ የከብት መርጨት ገዝቶ ድመት ላይ ማድረግ ግን የተለየ ነገር ነው፤ ፐርሜትሪን ያለበት የመዥገርና የቁንጫ መድኃኒት ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም።

ክሊኒክ ሲደረስ ቀድሞ የተሰጠውን ቅጠል መደበቅ የተለመደ ነው። ሐኪሙ ይቆጣል ተብሎ ይፈራል። አንዳንዱም ይቆጣል። ቢሆንም መናገሩ ግድ ነው፤ የደም ማነሱ ከኩላሊት ነው ወይስ ከነጭ ሽንኩርት የሚለውን መለየት የሚቻለው በዚህ ነው። ስሙን መናገር ብቻም አይበቃም። አንድ ስም በየአገሩ ለተለያየ ተክል ይሰጣል፣ የተፈጨ ዱቄት ደግሞ ሁሉም ይመሳሰላል። ቅጠሉን ከነግንዱ፣ ዱቄቱን ከነላስቲኩ፣ ዘይቱን ከነጠርሙሱ ይዞ መሄድ ነው፤ መቼ እንደተጀመረና በቀን ስንት ጊዜ እንደተሰጠም ጽፎ።